የዘገየው እጅህ ነው ወይስ ላፕቶፑ

ለምወድህ አባዬ፤

ሰላምታዬ ከዚህ ተነሥቶ አንተ ዘንድ እስኪደርስ በብዙ ሰው እጅ ያልፋልና ሳይቀዘቅዝ ይድረስህ። እንዴት ነህ? እንቅልፍህስ እንዴት ነው? ጉልበትህ ደረጃውን መውጣት ለመደልህ ወይስ አሁንም ግድግዳውን እየተደገፍክ ነው? ምግብስ በደንብ ትበላለህ? «እበላለሁ» እንደምትል ስለማውቅ የዚህን መልስ የምጠብቀው ከእማዬ ነው። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ሱቁም ደህና ነው፤ ያገለገለ ላፕቶፕ ፈላጊ አይጠፋም። ቀኑን ሙሉ ከመቆም እግሬ ማታ ማታ ያብጣል እንጂ ሌላ የሚያሳስብህ ነገር የለኝም።

የወንድሜ ደብዳቤ ደርሶኛል። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው በላፕቶፑ ላይ የከባድ መኪና መንዳት ጨዋታ እንዳሳየህ፣ ከታመምክ ወዲህ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎህ እንደማያውቅ፣ ከዚያ ግን መኪናው ደጋግሞ ገደል ሲገባብህ ተነሥተህ ወደ ቤት እንደሄድክ ጽፎልኛል። «ዕድሜዬን ሙሉ ተሳቢ የነዳሁ ሰው ቀጥ ባለ መንገድ ላይ መኪና መያዝ ካቃተኝ፣ ይቺ እጅ ሞታለች» አልክ አሉ። በዚያው ሐኪሟ ቀኝ እጅህ እንዲበረታ የሰጠችህን የላስቲክ ኳስ አልጨምቅም ብለህ መሳቢያ ውስጥ ከተትካት። አባዬ፣ የመኪናው ገደል መግባት አላስጨነቀኝም። እንቅልፍ የነሣኝ የኳሷ መሳቢያ መግባት ነው።

እንደምታውቀኝ እኔ ከማዘኔ በፊት ዕቃውን አያለሁ። የልብስ ሰፊውን ላፕቶፕ ሆዱን ገልብጦ፣ ከሥሩ የተለጠፈውን ጽሑፍ ፎቶ አንሥቶ እንዲልክልኝ ወንድሜን አዘዝኩት። እንደ ልማዱ መጀመሪያ የራሱን አውራ ጣት አንሥቶ ላከልኝ፤ በሁለተኛው ተሳካለት። ሳየው የማውቀው ዕቃ ነው። ለጽሑፍ፣ ለሒሳብ፣ ፊልም ለማየት ደህና ማሽን ነው፤ እኔም ብዙ ሸጬዋለሁ። ለጨዋታ ለሚፈልግ ሰው ግን አልሸጠውም።

ምክንያቱን ላስረዳህ። ላፕቶፕ ውስጥ ምስሉን የሚሠራ ክፍል አለ፤ ግራፊክስ ካርድ እንለዋለን። መንገዱን፣ ዛፉን፣ ከፊት የሚመጣውን መኪና በየቅጽበቱ እየደጋገመ የሚስልልህ እሱ ነው። የልብስ ሰፊው ላፕቶፕ ለብቻው የቆመ ካርድ የለውም። ዋናው አንጎል ሌላውን ሥራ እየሠራ ምስሉንም ደርቦ ይሠራል፤ አንድ ሰው ራሱ ሹፌር፣ ራሱ ረዳት፣ ራሱ ጫኝና አውራጅ ሲሆን ማለት ነው። ስለዚህ ይዘገያል። አንተ ቁልፉን ተጭነህ ታዞራለህ፤ መዞሩ ግን ለዓይንህ ወዲያው አይታይም። አልዞረም ብለህ ትጨምርበታለህ። ከዚያ ሁለቱ ትእዛዝ ተደርበው ይመጡና ይዘውህ ገደል ይገባሉ።

ይህን በቃል ብቻ ብነግርህ «ልጄ ልታጽናናኝ ነው» ብለህ ታልፈዋለህ። ስለዚህ ሞከርኩት። ከልብስ ሰፊው ጋር አንድ ዓይነት የሆነውን ላፕቶፕ ከመደርደሪያ አውርጄ ያንኑ ጨዋታ ጫንኩበት። ሱቄ በር ላይ የሚቆም አንድ ታክሲ ነጂ አለ፤ ሰፈሩ «ፍሬኑ» ይለዋል፤ ሲያቆም ከኋላ ያለው ተሳፋሪ ሁሉ አንድ ላይ ስለሚሰግድ። እጁ ጤነኛ ነው፤ ዕድሜው ያንተን ግማሽ ቢሆን ነው፤ ኩራቱ ግን ካንተ አያንስም። ምንም ሳልነግረው እስቲ ንዳልኝ አልኩት። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ሳይደርስ አጥር ጥሶ ገባ። ደገመ፤ ከድልድይ ጋር ተላተመ። ሦስተኛውን ባልነግርህ ለስሙ ይሻለዋል። ወንበሩን ገፍቶ ተነሣና «ይሄ መኪና የሚሄደው በትናንት ትእዛዝ ነው እንዴ? ዛሬ ያዘዝኩትን ነገ ሊፈጽም ነው» አለኝ። ስስቅ ጊዜ የቀለድኩበት መስሎት ተቀየመ። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። በየማታው በምጽፋት ማስታወሻዬ ላይ ያን ዕለት ያሰፈርኩት «እጁ ብቻ አይደለም» የሚል አንድ መስመር ነው።

ከዚያ ላንተ የሚሆነውን መምረጥ ጀመርኩ። እጄ ላይ የነበሩት ሁለት ናቸው፤ አንዱ ቀጭን ሆኖ ባለ 940 ካርድ፣ ሌላው ወፍራም ሆኖ ባለ 860። ሁለቱም አሮጌ ናቸው። ወንድሜ ቀጭኑን ላኪ፣ ቁጥሩም ይበልጣል ብሎኛል፤ አንተም የሞተር ጉልበት በቁጥር ስለለመድክ ከሱ ጋር ሳትስማማ አትቀርም። ብዙ ገዢ የሚሳሳተው እዚሁ ላይ ነው። በነዚህ ካርዶች የመጀመሪያው አኃዝ የሚናገረው መቼ እንደወጣ ነው፤ ጉልበቱን የሚናገረው ቀጥሎ ያለው ነው። 940 ከ860 በኋላ የተወለደ ታናሽ ነው፤ በጉልበት ግን አይደርስበትም። ወንድሜ የታናሽ ነገር ሲነሣ እሱን የነካሁት ይመስለዋል፤ ይምሰለው።

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ አንድ መንገድ፣ አንድ ጭነት፣ አንድ ዓይነት ዝናብ ሰጠኋቸው። ቀጭኑ ገጠር ለገጠር ደህና ሄደ፤ ከተማ ገብቶ ፎቅና መኪና ሲበዛበት ግን መንተባተብ ጀመረ። ወፍራሙ ከተማውንም ዝናቡንም ሳይደናገጥ አለፈ። ፍሬኑ ቂሙን ረስቶ በወፍራሙ ፊት ተቀመጠና ተሳቢውን ወደ ኋላ እየነዳ መጋዘን ውስጥ አስገብቶ አቆመው። ከዚያ በኋላ ተነሥ ቢባል እምቢ አለ። ውጭ ተሳፋሪ እየጠራው፣ እሱ ጭነቴን ሳላራግፍ የትም አልሄድም ይላል።

ስለዚህ የላክኩልህ ወፍራሙን ነው። ለደንበኛ መጨረሻ ላይ የምነግረውን ጉድለት ላንተ ከወዲሁ ልንገርህ። ከባድ ነው፣ ይሞቃልም፤ ጭንህ ላይ አታስቀምጠው። ባትሪው ደክሟል፤ ከሶኬት ሲነቀል ካርዱም ጉልበቱን ይቀንሳልና ሁልጊዜ ተሰክቶ ይሁን። ውስጡን ከፍቼ አቧራውን አራግፌያለሁ፤ የደረቀውን የማቀዝቀዣ ቅባት ጠርጌ አዲስ ቀብቻለሁ። ፍራሽ ላይ ከተቀመጠ መተንፈሻው ስለሚታፈን ጠረጴዛ ላይ አድርገው። እማዬ ዳንቴል እንዳታለብሰው ለምንልኝ።

ከጠረጴዛ ጋር የሚታሰር መሪና ፔዳል ነበረኝ፤ ሆን ብዬ አልላክኩም። ልብስ ሰፊው ቤት የነዳኸው በቀስት ቁልፎቹ ነው፤ አሁንም በነሱ ንዳ። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ከቀየርን የትኛው እንደረዳህ አናውቅም። መንገዱ ያው፣ ቀኝ እጅህም ያችው ትሁን፤ የሚለወጠው ላፕቶፑ ብቻ ይሁን።

አልዋሽህም፤ እጅህ ሙሉ ነው አልልም። ሐኪሟም አላለችም። ምናልባት በዚህኛውም ላይ ትዘገይ ይሆናል። ግን ስንቱ ያንተ፣ ስንቱ የማሽኑ እንደነበረ ለይተን እናውቃለን። ትራፊክ ባላጠፋኸው ሲቀጣህ ቀኑን ሙሉ ቆመህ የምትሟገት ሰው ነበርክ፤ አሁንም ለእጅህ ተሟገትላት። በማሽኑ ጥፋት በሷ ላይ አስፈርደህ ኳሷን መሳቢያ ውስጥ አትቆልፍ። እጅህ ከዘገየችም ጻፍልኝ፤ የሚሆነውን አብረን እናያለን። እኔ ባንተ የምከስር ነጋዴ አይደለሁም።

እማዬን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ፤ የጠየቀችኝን መነጽር ልኩን ሳትልክልኝ ስለቀረች እየጠበቅኩ ነው በላት። ወንድሜን ለፎቶው አመስግንልኝ፤ አውራ ጣቱ ጥሩ ወጥቶለታል። ለሚስቱ ሰላምታዬን ንገርልኝ፤ ወሯ ስለገባ ከባድ ዕቃ እንዳታነሣ። ልብስ ሰፊው ላፕቶፑን ያማሁበት እንዳይመስለው፤ ወንበሩን ለቆልህ ስላስቀመጠህ ከልቤ አመሰግናለሁ በልልኝ። ፍሬኑም ሳያውቅህ ሰላም ብሎሃል። «ለአባትሽ ንገሪልኝ፣ ገደል የገባው እሱ ብቻ አይደለም» ብሏል።

አንድ ነገር ቀረ። ጨዋታው መጀመሪያ ሲከፈት የሹፌሩን ስም ይጠይቃል። ሌላውን ሁሉ አዘጋጅቼ ስምህን ልጽፍልህ ጣቴን ቁልፉ ላይ አሳርፌ ነበር፤ ከዚያ ተውኩት። ቦታው ባዶውን መጥቶልሃል። ወንድሜም እንዳይጽፍልህ። በቀኝ እጅህ፣ አንድ አንድ ፊደል እየለቀምክ፣ ራስህ ጻፈው። የፈለገውን ያህል ጊዜ ይፍጅ፤ ይሄኛው ማሽን ይጠብቅሃል።

የምትወድህ ልጅህ

ከሱቁ የኋላ ክፍል፣ ኅዳር 14 ቀን