ጉዳዩ፦ የኩንጁራማን ሳቅ እንዲመለስልን ስለመጠየቅ

ለክቡር አቶ ኒሺት ካምዳር
የካምዳርና ልጆች ፊልም ኩባንያ ባለቤትና ዋና ሥራ አስኪያጅ
ሙምባይ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላ ቤተሰብዎን ጤንነት፣ በተለይም ከሙምባይ ወንበርዎ ሳይነሱ፣ እኛ እዚህ አላፑዛ ጭቃ ውስጥ ቆመን ያላየነውን ጉድለት ሁሉ ያዩትን የዓይኖችዎን ጤንነት በትሕትና እጠይቃለሁ። እኔ፣ «የማዶው ቀዛፊ» የተባለውን የቆየ ፊልም እንደገና እንድሠራ የቀጠሩኝ ዳይሬክተር ሊሲ ኩሩቪላ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ እንቅልፍ ብቻ ነው ያጣሁት።

ደብዳቤዬን በጋዜጣ ማውጣቴ ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ደውዬ፣ ጸሐፊዎ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስላለችኝ፣ ስብሰባ ላይ ጋዜጣ ማንበብ አይከለከልም ብዬ ነው። ፊልሙ ለሕዝብ የሚቀርበው ዓርብ ነው፤ ዛሬ ሰኞ ነው። የምለምንዎት ደግሞ ከሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ውስጥ አሥራ አንድ ሰከንድ እንዲያወጡልኝ ብቻ ነው።

የድሮውን ፊልም ላላዩ አንባቢዎች (እርስዎንም ጨምሮ) ታሪኩን ላስታውስ። አስተማሪዬ ከሠላሳ ስምንት ዓመት በፊት የሠሩት ነው። አንድ ሚስቱ የሞተችበት ቀዛፊ ዕድሜ ልኩን ሰው ከወዲህ ወደ ማዶ ሲያሻግር ይኖራል፤ በኋላ መንግሥት በወንዙ ላይ ድልድይ ያሠራል። ድልድዩ በተመረቀ ቀን ታንኳውን ባዶዋን ይዞ ይወጣል፣ መሐል ላይ ጋደም ይላል፣ እዚያው ይሞታል። ታንኳይቱ ብቻዋን ዳር ትደርሳለች። ከላይ በድልድዩ የሚያልፈው ሰው ቁልቁል አያይም። በቃ፣ ይኸው ነው። አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፦ «እዚህ ፊልም ውስጥ ክፉው ሰው ማነው?» ብለው ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ። ማንም እንደሌለ፣ ድልድዩ ጥሩ ነገር እንደሆነ፣ ቀዛፊው ራሱ «ከእንግዲህ ነፍሰ ጡር ውሃ ላይ አትወልድም» ብሎ እንደተደሰተበት፣ የሚያሳዝነውም ይኸው እንደሆነ በአራት ገጽ ጽፌ ብልክልዎ፣ በግማሽ መስመር «እንግዲያው ድልድዩ ይፈንዳ» ብለው መለሱልኝ። ጥቁር መነጽር ያደረገ ሥራ ተቋራጭ ተጨመረ፤ ድልድዩም ፈነዳ። የመንደሩ ሰዎች እውነተኛውን ድልድይ አሥራ ሁለት ዓመት ሲጠብቁ የኖሩ ናቸውና፣ ሲፈነዳ እንዲያጨበጭቡ ስንለምናቸው ትንሽ ቅር መሰኘታቸውን ብሸሽግዎ ኃጢአት ይሆንብኛል።

ሁለተኛ፦ አርባ ዳንሰኞች በታንኳ ላይ እንዲጨፍሩ ስላዘዙ አመሰግናለሁ። ታንኳይቱ የምትችለው ስምንት ሰው ነው። ይህንን ያወቅነው በሁለተኛው የዘፈኑ ስንኝ ላይ ነው።

ሦስተኛ፦ ዝናቡ ፊልሙን አጨለመው ብለው በኮምፒውተር ስላስጠፉልን አመሰግናለሁ። ጃንጥላዎቹን ማስጠፋት ግን ረስተዋልና፣ ሕዝቡ በጠራራ ፀሐይ ጃንጥላ ዘርግቶ ይሄዳል። ከመንደሩ ነዋሪዎች አንዱ አይቶት «እኛን ምን አርገው ነው የሳሉን፣ እብድ?» አለኝ።

በእነዚህ ሁሉ ላይ ውል ፈርሜያለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው፣ ወረቀቱ በእርስዎ እጅ ነው፣ ሞኟ እኔ ነኝ። ስለዚህ ድልድዩንም፣ ዳንሰኞቹንም፣ ጃንጥላውንም ይያዙት። ስለ አራተኛው ግን ዝም ልል አልቻልኩም።

አራተኛ፦ ስለ መጨረሻው ትዕይንት።

ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት፣ ወይም ቢያንስ የደመወዝ መዝገቡ ላይ እንዳዩት፣ ቀዛፊውን የተጫወቱት ሁላችንም ቼታን፣ ማለትም ታላቅ ወንድማችን፣ እያልን የምንጠራቸው ኩንጁራማን ናቸው። ዕድሜያቸው ሰባ አራት ነበር። በድሮው ፊልም ላይ ድልድዩን መጀመሪያ ሮጦ የሚያቋርጠው ጎልማሳ እሳቸው ነበሩ።

እርስዎ ዘንድ ይኑር አይኑር አላውቅም፣ እኛ ጋ ፊልም ሠሪ ሁሉ የሚጠብቀው አንድ ልማድ አለ። ተዋናይ የሞት ትዕይንት ከተጫወተ፣ ከዚያ ቦታ ሳይነሳ ወደ ካሜራው ዓይን እያየ መሳቅ አለበት። ሞቱ የፊልሙ ነው፣ ሳቁ የሰውዬው ነው፤ ሞት ተከትሎት ቤቱ እንዳይገባ ማለት ነው። ስለዚህም ካሜራው ይጠፋል። ሳቁ አይቀረጽም። እኔ ከቤተ ክርስቲያን የማልቀር ሴት ነኝ፣ በእንዲህ ያለ ነገር አላምንም፤ ግን ሠላሳ ዓመት ስሠራ አንድም ቀን አልዘለልኩትም።

ይህን ትዕይንት በቀረጽን ቀን ቼታን ታንኳዋ ውስጥ አራት ጊዜ ሞቱ። በአራተኛው «ይበቃል» ስል ድምፅ ቀራጩ ፊቱን በሸሚዙ ይጠርግ ነበር። ካሜራ ያዡ ልማዱን አስታወሰና «ቼታን፣ እስቲ ሳቅ ይበሉ!» አለ። እሳቸው ተጋድመው እንዳሉ «ተወኝ እባክህ፣ ገና አሁን ሞቼ ከየት ላምጣው?» አሉ። ሞከሩ፤ አልመጣም። ሁላችንም ፈራን፣ አልዋሽዎትም።

ያኔ ከካሜራው ኋላ፣ ከዳር፣ ምሳ ይዘው የመጡት ባለቤታቸው እማማ ካርቲያኒ ተነሱና ወንዙን ሰንጥቆ በሚያልፍ ድምፅ ጮኹ፦ «አንተ ሽማግሌ! መሞቱን ጨርሰህ እንደሆነ ና ብላ፣ ዓሣው በረደ!»

ቼታን ሳቁ። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ፣ ዓይናቸው እንባ እስኪሞላ፣ የጎደሉት ሁለት ጥርሶቻቸው እስኪታዩ ሳቁ። አሥራ አንድ ሰከንድ። ይህን ያህል መሆኑን የማውቀው ካሜራው ስላልጠፋ ነው። ሲስቁ አይቼ አላስችል አለኝና፣ ካሜራ ያዡን በጆሮው «እንዳታጠፋው» ያልኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ ከእኔ ይጀምራል፤ ይህንን በእርስዎ ላይ አላላክክም።

ከአራት ወር በኋላ ቼታን በእውነት ሞቱ። ልባቸው ነው አሉ ሐኪሞቹ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ያንን የሹክሹክታ ቃሌን ሳስብ እንቅልፍ የለኝም። ካሜራውን ባስጠፋው ኖሮስ እያልኩ እብሰለሰላለሁ። ሞኝነት ነው፤ አውቃለሁ፤ ግን አይለቀኝም።

የእርስዎ አርታኢ እነዚያን አሥራ አንድ ሰከንዶች ከጥራጊው መሐል ሲያገኛቸው ምክትልዎ በደስታ የደወለልኝን መቼም አልረሳውም። «ተአምር ነው እኮ ሊሲ! ሰውዬው ይስቃል! ተመልካች እያለቀሰ አይወጣም!» አለኝ። እንግዲህ በእርስዎ ፊልም ቀዛፊው አይሞትም። አስተማሪዬ ያልጻፉት፣ የፖሊስ መኮንን የሆነ ልጁ በሞተር ጀልባ እየበረረ ይደርሳል፣ «አባዬ!» ይላል፣ ቼታን ዓይናቸውን ገልጠው ይስቃሉ። የእማማ ካርቲያኒ ድምፅ ተሰርዞ በቦታው ቫዮሊን ገብቷል። መጀመሪያ ሳየው እኔም ሳቅሁ። ጥርስ ባዳ ነው።

ማስታወቂያውን እማማ ካርቲያኒ በጎረቤት ስልክ አዩት። አስጠሩኝ፣ ሄድኩ። ስልኩን ወደ ፊቴ አስጠግተው «ሊሲ፣ እዚህ ጋ ለማን ነው የሚስቀው?» አሉኝ።

«ለልጃቸው ነው እማማ፣ በፊልሙ።»

«የቱ ልጅ? እኛን እግዜር ልጅ አልሰጠንም እኮ። ይሄ ዓሣው በረደ ያልኩት ጊዜ ነው።»

ሃምሳ ዓመት አብረው ኖረው፣ ሁለት ለሁለት አርጅተው፣ ለእሳቸው የቀረው ያ ሳቅ ነበር፤ እሱንም ለማያውቁት የፖሊስ መኮንን ሰጠንባቸው። እኔ ሰርቄ፣ እርስዎ ሸጡት።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ስሜን ከፊልሙ ላይ ሊያጠፉት ወይም ከድልድዩ ጋር አብረው ሊያፈነዱት ይችላሉ፤ አልከስዎትም። አሥራ አንዱን ሰከንድ ብቻ ያውጡልኝ። ቀዛፊውን ይተዉት፣ ይሙት። እሱ ታንኳው ውስጥ ካልሞተ ቼታን ያን ቀን አራት ጊዜ የሞቱት ለምን ነበር?

ለሥራዬ ያሳዩትን ያልተቋረጠ አሳቢነት፣ በየሳምንቱ የላኩልኝን የእርማት ገጾች፣ እንዲሁም አንድም ጊዜ ወደ ቀረጻው ቦታ ባለመምጣት ያደረጉልንን ውለታ እስከ ዕድሜዬ ፍጻሜ እያስታወስኩ፣ ለእርስዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለኩባንያዎ ብዙ ትርፍን፣ ለጸሐፊዎ ትንሽ እረፍትን በመመኘት፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ሊሲ ኩሩቪላ
አላፑዛ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ለእማማ ካርቲያኒ አነበብኩላቸው። «አንቺ ደግሞ ብዙ ትለማመጫለሽ» ካሉኝ በኋላ የሚከተለውን እንዳደርስልዎ አዝዘውኛል። ዓርብ፣ በመጀመሪያው ትርኢት፣ አላፑዛ ሲኒማ ቤት ሦስተኛው ረድፍ ላይ ይቀመጣሉ። ሳቁ ከፊልሙ ከወጣ ዝም ብለው አልቅሰው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ሳቁ ከቫዮሊኑ ጋር ከመጣ ግን እዚያው ቦታ ላይ ይነሱና የጎደለውን ድምፅ ራሳቸው ይሞላሉ። ወንዝ ያሻገረ ድምፅ ነውና፣ ማይክራፎን አያስፈልጋቸውም።