ባጁ እስኪመጣ በእኛ ገላ ለታገሡት ዲን

ለተከበሩ የኮሌጃችን ዲን
ካዛንቺስ

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ የሰው ጤና በኮሌጃችን ምን ያህል እንደሚከበር ሦስት ዓመት ሙሉ ስላየሁ ምኞቴ ከልብ ነው። ከውሰር ሱሩር እባላለሁ፤ እስካለፈው ወር ድረስ የራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂ ተማሪዎ ነበርኩ። ምስጋናዬን በቁጥር ከፋፍዬ ማቅረቤን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ።

፩ኛ. ስለ ራጅ ማሽናችን አመሰግናለሁ። መብራቱ ይበራል እንጂ ጨረር ስለማያወጣ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዳችን በሽተኛ ሆነን ስንተኛ ሌላችን «ትንፋሽ ይያዙ» እያልን ስንለማመድ ማንም አልተጎዳም። ከዚያ በኋላ እንዲህ ለማለት አልታደልንም።

፪ኛ. ኅዳር ላይ ኦሎምፒያ አጠገብ ወዳለው ክሊኒክ ለተግባር ልምምድ ሲልኩን፣ ደረት ላይ ተንጠልጥሎ የወሰድነውን የጨረር መጠን የሚመዘግበው ባጅ «በቅርቡ ይመጣል» ብለው ስላጽናኑን አመሰግናለሁ። ከባዱ የጨረር መከላከያ ሽርጥ ለአራት ተማሪ አንድ ስለነበር በየሳምንቱ በተራ ለበስነው። ሕፃን አልያዝ ሲል፣ ሽማግሌ መቆም ሲያቅተው፣ ደግፈን ራጅ የምናስነሳው እኛ ነበርን፤ ሽርጡ ተራው ያልሆነውም ጭምር።

፫ኛ. የጓደኛዬ የእጸገነት ጉዳይ ነው። የካቲት ላይ የሁለት ወር እርጉዝ መሆኗን ስታውቅ አብሬያት ቢሮዎ መጣሁ። ባጁ እስኪመጣ ብቻ ጨረር ወደሌለበት የአልትራሳውንድ ክፍል እንዲያዛውሯት ቀስ ብላ ለመነችዎ። እርስዎም ከወረቀትዎ ቀና ሳይሉ «ይኼ የፈሪ ሙያ አይደለም፤ ከቀረሽ ከጓደኞችሽ ጋር አትመረቂም» አሏት። ስለ ግልጽነትዎ አመሰግናለሁ። ደረጃውን ስንወርድ «በቃ፣ ሦስት ወር ነው የቀረኝ» አለችኝና በማግስቱ ተመልሳ ገባች። ከዚያ ወዲህ ሽርጡን ለእሷ ተውንላት። እርግዝናዋን ከማወቃችን በፊት ባለፉት ሳምንታት ግን፣ ተራዬ ነው ብዬ እኔ የለበስኩባቸው፣ እሷ ያለ ምንም የቆመችባቸው ቀኖች አሉ። ይህን የምነግርዎት እንዲያጽናኑኝ አይደለም።

መጋቢት መጨረሻ ላይ ፅንሱ ወረደ። ሐኪሟ ምን ያህል ጨረር እንደወሰደች ሲጠይቋት እጸገነት ዞራ እኔን አየች፤ እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ምክንያቱ ጨረሩ ይሁን አይሁን ማንም በእርግጠኝነት ሊነግራት እንደማይችል ሐኪሟ አዝነው ነገሯት። ባለቤቷ ታዲዎስ አቤት ሲልዎት፣ «ከልምምዱ ጋር የሚያገናኝ ማስረጃ አልተገኘም» የሚል ባለ ማኅተም መልስ ሰጡት። ፍጹም እውነት ነው፤ ማስረጃውን የሚይዘው ባጅ አልነበረማ።

፬ኛ. ዘጠኝ ተማሪዎች ያለ ባጅ ክሊኒኩ አንገባም ብለን ስንፈርም፣ ስምንቱን በአባታዊ ምክር መልሰው እኔን ብቻ ለአንድ ዓመት ስላገዱኝ አመሰግናለሁ። አባቴ ሄደሽ ይቅርታ ጠይቂ ብሎኝ ነበር፤ እጸገነት ትምህርቱን ጨርሶ መተዋን ስነግረው ዳግመኛ አላነሳውም።

የትዕግሥትዎን ልክ በገላዋ የተማረች፣ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለልጆችዎም ከእርስዎ የተሻለ አስተማሪን የምትመኝ፣

የታገደች ተማሪዎ
ከውሰር ሱሩር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ጸሐፊዎ እጸገነትን ባጁ መጥቷልና ቀርበሽ ፈርሚ ብለው ጠርተዋታል። በመረከቢያው ቅጽ ላይ የተሞላው ቀን ግን ልምምድ የጀመርንበት የኅዳር ቀን ነው። አልፈረመችም፤ ቅጹን በስልኳ ፎቶ አንስታ ወጣች። ፎቶውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ፣ አንድ ቅጂ ለጨረር ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ዛሬ ጠዋት በአካል አስገብቻለሁ። እነሱ የተቀበሉበትን ትክክለኛ ቀን ጽፈዋል።