በስምንት ዓመታቸው ባሕር ተሻግረው የተላኩት የአቶ ዊስቲን ሬፋሎ የሕይወት ታሪክ

አባታችን አቶ ዊስቲን ሬፋሎ ከአባታቸው ከዓሣ አጥማጁ ከአቶ ግሬትሱ ሬፋሎና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቪቶሪን፣ በማልታ አገር፣ በጎዞ ደሴት፣ ናዱር በምትባል መንደር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በመጋቢት 1943 ተወለዱ። ስድስት ዓመት ሲሞላቸው አባታቸውን ባሕር ወሰዳቸው። እናታቸው አምስት ልጆች ይዘው ቀሩ።

በ1951 የመንደሩ ቄስ ወደ ቤታቸው መጥተው፣ «ቪቶሪን፣ አውስትራሊያ ልጆች ትፈልጋለች። ዊስቲን ትምህርት ይማራል፣ ፈረስ ይጋልባል፣ ሲያድግ አንቺንም ይወስድሻል» አሏቸው። ወይዘሮ ቪቶሪን ማንበብ አይችሉም ነበር፤ በጣታቸው ፈረሙ። አባታችን የታላቅ ወንድማቸውን ጫማ አድርገው መርከብ ተሳፈሩ። ወደቡ ከዓይናቸው እስኪጠፋ ድረስ የሚጋልቡት ፈረስ ምን ዓይነት ቀለም እንደሚኖረው ያስቡ እንደነበር ነግረውናል።

ፈረስ አልጠበቃቸውም። ከፐርዝ ከተማ ርቆ በሚገኝ፣ መነኮሳት በሚያስተዳድሩት የወንድ ልጆች እርሻ ገቡ። ጎህ ሳይቀድ ላም ያልባሉ፤ ከዚያ ጥቂት ፊደል፤ የቀረውን ቀን ኖራ ማቡካትና ድንጋይ መሸከም ነበር። ኖራው እጃቸውን ይልጠው ነበር። እዚያ እርሻ ላይ ያለው፣ ዛሬ መንገደኛ ቆሞ የሚያደንቀው ባለ ቅስት ሕንፃ በልጆች እጅ የቆመ ነው። አንድ ጊዜ እኛን ልጆቻቸውን ወስደው ከግድግዳው ሥር አቆሙንና፣ «ይቺን ድንጋይ የሰቀልናት እኔና ኔኑ ነን» አሉን። ድንጋዩ ከታናሽ ወንድማችን ከሮስ ቁመት ይበልጥ ነበር።

አቶ ኔኑ ካሚለሪ፣ ዛሬ በመካከላችን የተቀመጡት፣ በዚያው መርከብ የመጡ የናዱር ልጅ ናቸው። በእርሻው ማልትኛ መናገር በቀበቶ ያስገርፍ ነበር። ለከብት መናገር ግን ማንም አልከለከለም። ስለዚህ ሁለቱ ልጆች ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲያልቡ የሚያወሩት ከላሞቹ ጋር ነበር።

«አንቺ ላም፣ አጠገብሽ ላለው ለዚያ አፍንጫም ንገሪው። ትናንት ዳቦዬን የበላው እሱ ነው» ይላሉ ኔኑ።

«ዳቦው እንደ ባለቤቱ ሻግቶ ነበር በዪው!» ይላሉ አባታችን ለራሳቸው ላም።

የከብቶቹ ኃላፊ የነበሩት መነኩሴ አንድ ቀን ከበሩ ቆመው ሰሟቸው። ሁለቱም ቀበቶውን ሲጠብቁ፣ መነኩሴው የወተቱን ባልዲ አይተው፣ «ላሞቹ እንዲህ ሲባሉ ነው ወተቱ የሚወርድላቸው» ብለው ሄዱ። ቋንቋቸው በዚህ ተረፈ።

አባታችን አሥር ዓመት ሲሆናቸው፣ «እናትህ ሞታለች» ተባሉ። ወተቱ መድረስ ነበረበትና እያለቀሱ አለቡ።

በ1959 ከእርሻው ወጥተው ከገበሬ ቤት ተቀጠሩ፤ በኋላም በልጅነታቸው በግድ የተማሩትን የድንጋይ ሥራ በፈቃዳቸው ያዙት። በኖርተም ከተማና በአካባቢዋ እጃቸው ያላረፈበት ግድግዳ ጥቂት ነው። በ1967 ከወይዘሮ ኮራል ጋር ጋብቻ መሥርተው ሊኔትን፣ ኬሪንና ሮስን አፍርተዋል። አንድም ቀን እጃቸውን በልጅ ላይ አላነሱም። ከማን እንደተማሩት እስከ ዛሬ ይገርመናል፤ ያሳያቸው ሰው አልነበረምና።

በ1986 በፐርዝ የአንድ ቤት አጥር ሲሠሩ ውሻቸው እርጥብ ሲሚንቶ ውስጥ ገባች። «ነይ ከዚያ! እግርሽ ይቃጠላል!» ብለው ጮኹባት፤ እንደ ልማዳቸው በማልትኛ። ከናዱር የመጡት የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ዶሎር የመንደራቸውን አነጋገር ሰምተው መስኮቱን ከፈቱ።

«አንተ! የማን ልጅ ነህ?»

«የቪቶሪን።»

«የቷ ቪቶሪን?»

«የግሬትሱ ሚስት፣ ባሏን ባሕር የበላባት። ነፍሷን ይማር።»

«ማን ገደላት? ባለፈው ዓመት የጴጥሮስ ወጳውሎስን በዓል ናዱር አብረን ነው የዋልነው!»

አባታችን የግንበኛ ማንኪያቸውን አስቀምጠው ቤት መጡ። ለብዙ ቀን ግን ናዱር ለመሄድ እምቢ አሉ። በመጨረሻ እናታችን፣ «ሞታለች ብለውህ ይህን ሁሉ ዘመን አለቀስክላት። አለች ሲሉህ ትኮርፋታለህ?» አሏቸው።

«ሰጥታኛለች እኮ፣ ኮራል።»

«እንግዲያው ሄደህ ለምን ብለህ ጠይቃት።»

በ1987 በጋ ከልጃቸው ከሊኔት ጋር ናዱር ገቡ። መንገዱ በጎረቤት ተሞልቶ ነበር። አያታችን ጥቁር ለብሰው ከደጃፋቸው ቆመዋል። አባታችን በመንገድ ላይ ያጠኑት ጥያቄ ሁሉ ጠፋባቸው። አያታችን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሊንበረከኩ ጎንበስ አሉ።

«ይቅር በለኝ፣ ልጄ» አሉ።

በዚያች ሰዓት ወደ አባታችን አፍ የመጣው ማልትኛ የከብት ብቻ ነበር። እጃቸውን ይዘው፣ የደነገጠች ጊደር የሚያረጋጉበትን ቃል አወጡ፦ «ቁሚ! ቁሚ! አይዞሽ፣ ማንም አይነካሽም!»

አንዲት ጎረቤት በሳቅ ፈነዳች፤ ሌላው ተከተለ። አያታችን እንባቸው እየወረደ፣ «ኧረ ይሄ ልጅ! ከየት አምጥቶ ነው እንደ ላም የሚያናግረኝ?» ብለው ሳቁ፤ ቀጥ ብለውም ቆሙ። ጥያቄው ዳግመኛ አልተነሳም።

በኋላ እንደተረዳነው፣ አያታችን በየገናው ቄሱ ዘንድ እየሄዱ ስለ ልጃቸው ይጠይቁ ነበር፤ «ተመችቶታል፣ ትምህርት ላይ ነው» ይባሉ ነበር። አባታችን «ሞታለች»፣ እናታቸው «ተመችቶታል» ተብለው፣ በሁለት የዓለም ዳር አንድ ሐዘን ሲያዝኑ ኖሩ። ከዚያ በኋላ አባታችን በየዓመቱ እየተመለሱ የፈረሰውን የአባታቸውን የእርሻ ካብ ጠገኑ። አያታችን ከካቡ ላይ ተቀምጠው ሰው ለሰው የሚናገረውን ቋንቋ አስተማሯቸው፤ በ1998 እስኪያርፉ ድረስ።

በ2009 የአውስትራሊያ መንግሥት ባሕር ተሻግረው የመጡትን ልጆች በይፋ ይቅርታ ሲጠይቅ አባታችንና አቶ ኔኑ ካንቤራ ሄደው ነበር። ሲመለሱ፣ «እንዴት ነበር?» አልናቸው። «ወንበሩ ይለሰልሳል» አሉ አባታችን። በማግስቱ ግን ሲያፏጩ ሰማናቸው።

የድንጋይ አቧራ ሳንባቸውን ስለጎዳው ለሦስት ዓመት ያህል በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ነሐሴ 9 ቀን 2014 በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። ሊያርፉ ሰሞን እናታችን፣ «የት እንድናሳርፍህ ትወዳለህ? ናዱር፣ ከእናትህ ዘንድ?» ብለው ጠይቀዋቸው ነበር።

«ነፍሴ መንገዱን ታውቀዋለች» አሉ። «ሬሳዬን ግን አትጫኑብኝ። አንዴ ሳልጠየቅ በመርከብ ተልኬአለሁ። አሁን ስለጠየቃችሁኝ፣ እዚሁ ልቅር።»

እነሆ፣ ራሳቸው በመረጡት አፈር እናኖራቸዋለን። ባለቤታቸው ወይዘሮ ኮራል፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጆቻቸው፣ በናዱር ያሉት እህትና ወንድሞቻቸው፣ የደም ባይሆኑም ወንድማቸው አቶ ኔኑ ከኋላቸው ቀርተዋል።

እናት ሆኖ የሚጠብቅ አምላክ ነፍሳቸውን ከወይዘሮ ቪቶሪን አጠገብ ያኑርልን። አሜን።