ማስተርሱን ትቼ አንደኛ ዓመት የገባሁ ለት

ለማከብርዎትና ለምወድዎት አባቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንዴት ሰነበቱ? ያ ብርድ ሲነካው የሚያስቸግርዎ ጉልበትዎ ተሻለው ወይስ ደረጃ ሲወጡ አሁንም ያምዎታል? መነጽርዎስ ተቀየረ? እማማ ስኳሬ ወርዶልኛል ብላኛለች፤ እሷ ግን ለእኔ ሁልጊዜ ደህና ናት፣ እውነቱን የምጠብቀው ከእርስዎ ነው። እኔም፣ ባለቤቴም፣ ልጆቹም ፈጣሪ ይመስገን ከናፍቆትዎ በስተቀር አንዳች አልጎደለብንም። እንዲያውም ደስታ በዝቶብኝ ነው ብዕር ያነሳሁት። ቁጭ ብለው ያንብቡልኝ። ቆመው ከጀመሩት መሀል ላይ ተናደው ለእማማ እንደሚሰጡብኝ አውቃለሁ።

አባባ፣ እነዚህን ዓመታት ሁሉ ስደውል “ደህና ነሽ? ልጆቹ ደህና? በይ እናትሽን” ብለው ስልኩን ያቀብላሉ። አንዳንዴማ እማማ “አባትሽ ተኝቷል” ትለኛለች፣ እርስዎ ደግሞ ከኋላዋ ሲያስሉ ይሰማኛል። አልቀየምኩም። “ልጄ ማስተርስ ልትይዝ ነው” ብለው ለጡረተኛ ጓደኞችዎ ሁሉ ካወሩ በኋላ እኔ ብድግ ብዬ “ተውኩት፣ እንደገና ከአንደኛ ዓመት ልጀምር ነው” አልኩዎት። “ሰው ጣሪያውን ካቆመ በኋላ መሠረት ሊቆፍር ይወርዳል እንዴ?” ያሉኝ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ያን ቀን ሠርቼ እስካሳይዎ ድረስ ላልከራከርዎ ለራሴ ቃል ገባሁ። አሁን ጊዜው ደርሷልና ይስሙኝ።

እንደሚያውቁት በጋዜጠኝነት ተመርቄ ውሃ ሥራዎች ሕዝብ ግንኙነት ነበር የምሠራው። ሥራዬ ባጭሩ ውሃ ሲጠፋ ይቅርታ መጠየቅ ነው። “በቴክኒክ ችግር ምክንያት” ሳልል የዋልኩበት ቀን አልነበረም፤ ትንሹ ልጄ ራሱ እራት አልበላም ሲል “በቴክኒክ ችግር ምክንያት” ማለት ጀምሮ ነበር። አንድ ቀን ኮረብታው ላይ ያለው ሰፈር ውሃ አልወጣ ብሎ ስብሰባ ተጠራና መግለጫ ላነብ ሄድኩ። አንብቤ ስጨርስ ሻይ ቤት ያላት አንዲት ሴትዮ እጇን አወጣችና “ያነበብሽው ለራስሽ ገብቶሻል?” አለችኝ። አዳራሹ በሳቅ ሞላ፣ እኔ ኩምሽሽ አልኩ። እውነቷን ነዋ! ግፊት፣ የመስመር ብክነት፣ ምናምን ስል አንዱም አልገባኝም ነበር። ከዚያ ወዲያ የመሐንዲሶቹን በር እያንኳኳሁ “ለምንድነው ውሃው የማይወጣው?” እያልኩ አላስቀምጥ አልኳቸው። እየገባኝ ሲመጣ ደግሞ ልቤ እዚያው ቀረ።

አለቃዬ ይህን አይቶ “የውሃ አስተዳደር ማስተርስ አለ፣ በማታ ሁለት ዓመት ነው፣ የትኛውንም ዲግሪ ይቀበላሉ። ጨርሰሽ ስትመጪ የመምሪያ ኃላፊነቱ ያንቺ ነው” አለኝ። እርስዎ የተደሰቱት ይሄኔ ነው። አልዋሽዎትም፣ ወንበሩ እኔንም አማልሎኝ ነበር። ልመዘገብ ሄጄ የትምህርት ክፍሉን ኃላፊ አገኘሁት። ሰውዬው ረጋ ያለ ነው፤ “ከተመረቅሽ በኋላ ጠዋት ተነስተሽ ምን ልትሠሪ ነው የምትፈልጊው?” ሲል ጠየቀኝ። “ውሃ ኮረብታ ላይ ላወጣ” አልኩት። “ስብሰባ ለመምራትና ዕቅድ ለማውጣት ከሆነ ማስተርሱ ይበቃሻል” አለኝ፤ “ዲዛይን ሠርተሽ ለመፈረም ግን ፈቃድ ሰጪዎቹ የሚያዩት የመጀመሪያ ዲግሪሽን ነው። በጋዜጠኝነት ላይ የተጫነ ማስተርስ መሐንዲስ አያደርግሽም።” አብሮኝ የሚሠራው ኬሚስት የውሃ ጥራት ማስተርስ ገብቶ ቀንቶታል፣ ደግ አደረገ፤ የተማረው ከዚያው ጋር የሚገናኝ ነው። እኔ ግን ፊዚክስ የነካሁት ዩኒፎርም ለብሼ ነበር። ስለ መሠረት የተናገሩት እኮ ልክ ነው አባባ፤ ልሠራው ላሰብኩት ቤት ግን መሠረቱ ገና አልተቆፈረም ነበር። ሦስት ቀን እንቅልፍ አጥቼ ሰነበትኩና ወሰንኩ።

እንግዲህ በዚያ ዕድሜዬ ዓይኔን በጨው አጥቤ አንደኛ ዓመት ገባሁ። የመጀመሪያ ቀን የክፍሉን በር ከፍቼ ስገባ ተማሪው በሙሉ ብድግ! ልጆቹ ከሁለተኛ ደረጃ ገና መምጣታቸው ነው፣ አስተማሪ መሰልኳቸው። ምን ልበል? “ተቀመጡ” አልኩና ሄጄ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ሳቁ ግድግዳ ሊያፈርስ! እውነተኛው አስተማሪ ሲመጣ ደግሞ የታናሽ ወንድሜ እኩያ ሆኖ አረፈው። ከዚያች ቀን ጀምሮ “ቲቸር” የሚል ስም ወጣልኝና እስክመረቅ አልለቀቀኝም።

ሒሳቡ ግን አያስቅም ነበር። የመጀመሪያውን ፈተና ወደቅሁ፣ ያውም ክፉኛ። መታጠቢያ ቤት በር ዘግቼ አለቀስኩ፤ “አባባ ልክ ነበሩ” ብዬም ነበር፣ ይኸው ነገርኩዎት። ማግስቱን ግን የክፍሌን ልጆች ሰብስቤ እነሱ ሒሳብ እንዲያስረዱኝ፣ እኔ ደግሞ የላብራቶሪ ሪፖርታቸውን እንዳርምላቸው ተስማማን። አቤት የእነሱ አጻጻፍ! ነጥብ የሚባል ነገር መኖሩን የሰሙ አይመስሉም። ባለቤቴ ማብሰሉን ተረከበ፣ የሠራውን መቅመስም በዚያ ሰሞን ራሱን የቻለ ፈተና ነበር። ድሮ የወሰድኳቸው አንዳንድ ኮርሶች ስለተያዙልኝ ካሰብኩት አንድ ዓመት ቀድሜ ጨረስኩ። ከዚያም እዚያው ውሃ ሥራዎች በአንድ አንጋፋ መሐንዲስ ሥር ስሠራ ቆይቼ ዘንድሮ የሙያ ፈቃዴን አገኘሁ። እሰይ!

አሁን ዋናውን ላጫውትዎ። በሙያ ፈቃዴ የፈረምኩት የመጀመሪያው ዲዛይን የዚያው የኮረብታው ሰፈር ነው። ችግሩ ለካ ፓምፑ የሚገፋውን ውሃ ታች ያለው ሰፈር እየቀዳ ይጨርሰዋል፣ ላይ የሚደርሰው አየር ብቻ ነው። እኔ ለብቻው አንድ መስመር ዘረጋሁና ውሃው መሀል ላይ ለማንም ሳይቆም ጫፍ ያለው ታንከር ድረስ እንዲወጣ፣ ከዚያ በራሱ ክብደት ወደየቤቱ እንዲወርድ አደረግሁ። ቅዳሜ ጠዋት መክፈቻውን ያዞርኩት ራሴ ነኝ። መጀመሪያ ቧንቧው አየር ተነፈሰ፣ ቡናማ ነገር ተፋ። ቀጥሎ ጥርት ያለ ውሃ ወረደ! ሰዉ እልል አለ፣ ባልዲው፣ ጀሪካኑ፣ ድስቱ ሁሉ ወጣ። እኔ ልብሴ በስብሶ መሀል ቆሜ እንደ ሕፃን ሳቅሁ። ሰኞ ቢሮ ስገባ ስልኩ ይጮሃል፤ አንድ ሰውዬ “ውሃው ጉልበት በዝቶበት ቧንቧዬን ነቀለብኝ!” ብሎ አቤት ይላል። ከዚያ ሰፈር ውሃ በዛብን የሚል አቤቱታ ሲመጣ ይኸ የመጀመሪያው ነው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። በዚያው ቀን ሄደን ግፊቱን ቀነስንለት።

ደግሞ ሌላ አለልዎ። መሥሪያ ቤቱ በመጪው ዓመት ማስተርስ ሊያስተምረኝ ነው፣ በዚሁ በምህንድስናው። ስለዚህ ለጓደኞችዎ የነገሯቸው ውሸት አልሆነም፣ ትንሽ ዘገየ እንጂ።

እማማን ጉንጮቿን ይሳሙልኝ፣ ስኳሯንም ይቆጣጠሩልኝ። ታናሽ ወንድሜን አለሁልህ ይበሉት፤ ሚስቱን እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ አራሷንም ልጅ አክስትሽ መጥታ ታቅፍሻለች ይበሏት። እትዬን፣ ያቺን ተጫዋች አክስቴን፣ ጨዋታዋ ናፍቆኛል ይበሉልኝ። ልጆቼ የአያታቸውን ጉልበት ይስማሉ፤ ባለቤቴም ከመቀመጫው ተነስቶ ሰላም ብሎዎታል።

አንድ ነገር ቀረኝ። ከዲዛይኑ ግርጌ “ኃላፊነቱን የወሰደው መሐንዲስ ሙሉ ስም” የሚል ቦታ አለ። ስሜን ጻፍኩ፣ ቀጥዬ የእርስዎን ስም ጻፍኩ፣ ከሥሩም ፈረምኩ። ማስተርሱን ብቻ ይዤ ቢሆን ኖሮ እዚያ ቦታ ላይ የሌላ ሰው ልጅ ስም፣ የሌላ ሰው አባት ስም ነበር የሚሰፍረው። አሁን ያ ኮረብታ ውሃ የሚጠጣው በእርስዎ ስም ነው አባባ። እሁድ ስደውል ያናግሩኝ።

ልጅዎ፣ መሐንዲሷ

ከውሃ ሥራዎች ዲዛይን ክፍል፣ ሁለተኛ ፎቅ
ሐሙስ፣ ሰኔ 12 ቀን