ዕጩው ከሄደ በኋላ የተባለው

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 14 ቀን 1998፣ ኦክላንድ

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ለስቴቱ ምክር ቤት የሚወዳደረው ሰው ቤተ ክርስቲያናችን መጥቶ ነበር። በየክፍሉ የሚታጨቁትን ተማሪዎች ቁጥር እንደሚቀንስ፣ ኢንሹራንስ የሌላቸው ልጆች እንዲታከሙ እንደሚታገል፣ የሠራተኛ ማኅበር፣ ዩኒየን፣ የገባ ሠራተኛ እንዳይባረር ሕጉን እንደሚያጠብቅ ነገረን። አጨበጨብንለት። እሱ ከሄደ በኋላ፣ አብረውኝ ነርሲንግ ሆም አረጋውያን እየተንከባከቡ የሚሠሩት እትዬ አልማዝ ተነሡ። «እንግዲህ እኔ ዩኒየን ልገባ ነው፤ ሌሎቹንም አስገባለሁ» አሉ። አዳራሹ ውስጥ የቀረነው እኛው አበሾቹ ብቻ ነበርን።

ዛሬ ሱፐርቫይዘራችን ቢሮዋ ጠራችኝና በሩን ዘጋችው።

«አልማዝ ሰዉን ሁሉ ዩኒየን አስገባለሁ ብላለች አሉ። እውነት ነው?»

«እኔ አልሰማሁም» አልኳት።

ፈገግ አለች። «አጠገቧ ተቀምጠሽ ነበር እኮ።»

ሴትዮዋ አማርኛ አታውቅም፤ ቤተ ክርስቲያናችንንም ረግጣው አታውቅም።

በብሬክ ሰዓት ለእትዬ አልማዝ ነገርኳቸው።

«ሥራስ ሌላ ይገኛል፣ ልጄ» አሉ። «ግን ከመካከላችን ማን ነው?»

«እርስዎ ማንን ይጠረጥራሉ?»

«ስም አታስጠሪኝ።»

ከሥራ ሳንወጣ የነገ የሥራ ሺፍታቸውን ሰረዙባቸው። ምክንያቱን የነገራቸው የለም።

ነገ የጸሎት ቡድናችን እኔ ቤት ነው የሚሰበሰበው፤ እሑድ አዳራሹ ውስጥ የቀረነው ሁሉ አለንበት። እትዬ አልማዝም አልቀርም ብለዋል። ሁሉንም በር ላይ እየሳምኩ አስገባቸዋለሁ። ከዚያ እጅ ለእጅ ተያይዘን ዓይናችንን እንጨፍናለን። እኔ ግን የምጨፍን አይመስለኝም።