የኪራን የሻይ ተራ

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 13

የኮሌጁ የግንባታ ወርክሾፕ ማቀዝቀዣ ሆኗል። ማሞቂያው ዛሬም አልተሠራም። "ነገ" ይሉኛል... የቱ ነገ?

ልጆቹ የጡብ ግድግዳ ጥግ ማንሳት ተለማመዱ። ሁለት ሁለት ሆነው፤ አንዱ ከግራ፣ አንዱ ከቀኝ፣ መሃሉ ላይ ሲባጎ። አንዱ ከተንጋደደ የሌላውም ሥራ ገደል ገባ። ኪራንና ሳጂድ ከሴፕቴምበር ጀምሮ ጥንድ ናቸው። ከክፍሉ ሁሉ ቀጥ ያለው ግድግዳ የእነሱ ነው። አልነግራቸውም እንጂ... ይቀብጣሉ።

የሻይ ተራ የሳጂድ ነበር። ሕጉ ያው ነው፤ ተረኛው ለሁሉም ያፈላል፣ የማን ሻይ ስንት ስኳር እንደሚገባበት ማወቅ የራሱ ጉዳይ ነው። እኔም ተራ አለኝ። ኪራን ኩባያውን ተቀበለ፣ ሄደና መታጠቢያው ውስጥ ደፋው። ቀስ ብሎ፣ ሳጂድ እያየው። "አላሰኘኝም" አለ። በዚህ ብርድ!

ሁሉም ወደየግድግዳው ዞረ። እኔም። ለምን አልገሠጽኩትም?

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 15

ዛሬ ስለ አክራሪነት ማስተማር ነበረብኝ። ኮሌጁ የላከው ስላይድ... መቻቻል፣ መከባበር፣ ፎቶው ላይ ሁሉም ጥርሱ ነጭ። ልጆቹ ስልካቸው ላይ። እነሱን ብሆን እኔም ስልኬ ላይ ነበርኩ። "ጥያቄ አለ?" ስላቸው "ምሳ መቼ ነው?" አሉኝ።

ኪራን ግን ከኋላ፣ "ይሄ መነገር ያለበት ለእነሱ ነው።"

"እነሱ እነማን ናቸው?"

"ታውቂያለሽ፣ ሎሬን። መስጊድ የሚሄዱት።"

ሳጂድ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር ጀመረ። የታሰረ ጫማ።

ከምሳ በኋላ ኪራን መጣ። "ከሌላ ሰው ጋር መድቢኝ።" "ግድግዳችሁ ያምራል እኮ!" "ዝም ብለሽ መድቢኝ።" አልመደብኩትም።

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 19

ጡብ ማጽዳት። እዚህ ሲሚንቶ አንጨምርም፣ ኖራና አሸዋ ብቻ። የተገነባው ሁሉ ይፈርስና ጡቡ ተፍቆ ለነገ ይቀመጣል። ኪራንን አስቀረሁትና አብሬው ቁጭ ብዬ ፋቅኩ። ሥራ ላይ ሲሆን ያወራል ይሄ ልጅ።

አያቱ ባለፈው ኦገስት ሞታለች። ያሳደገችው እሷ ናት። አሁን ብቻውን ነው የሚኖረው። ይህን አላውቅም ነበር። የያዙት፣ ስፖርት የሚሠራበት ጂም ውስጥ ያገኛቸው ሰዎች ናቸው... ትልልቅ ወንዶች። ራት ያበሉታል፣ በመኪና ያደርሱታል።

"አንድ ቀን ከቀረሁ ይደውላሉ" አለኝ። "'የት ጠፋህ ወንድማችን?' ይሉኛል። እዚህ ብቀር ማን ይደውላል? አንቺ ቀሪ ብለሽ ታልፊያለሽ።"

ሌላ ጡብ አነሳሁ። እውነቱን ነዋ።

ከዚያ ስልኩ ላይ ሰዎቹ የሚጻጻፉትን አሳየኝ። ኩራት ቢጤም ነበረበት... ቅዳሜ ሚኒባስ ተዘጋጅቷል፣ መንግሥት ስደተኞችን ወዳስጠለለበት ሆቴል። "ፊታችሁን ሸፍኑ" ይላል። ከሥሩ አንዱ "ቤንዚኑ በእኔ" ብሎ የሳቅ ምልክት አድርጎበታል። ሆቴሉ ውስጥ ሕፃናት አሉ!

"ቀልድ ነው እኮ" አለ ኪራን። ፊቱ ግን አይስቅም። "ለማንም እንዳትናገሪ።"

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 20

ብናገር ጥሎን ይሄዳል፤ ቀጥታ ወደ እነሱ። ዝም ብል... ሰው ይቃጠላል፣ እሱም ዕድሜውን እስር ቤት ይጨርሳል። ገና አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው።

ከጀርባው ላለመሄድ ወሰንኩ። በር ላይ ጠበቅኩት። "ለፓውላ ልነግራት ነው። አሁን። ከሌላ ሰው እንዳትሰማው ብዬ ነው።" ፓውላ የተማሪዎች ደህንነት ኃላፊያችን ናት።

"እኔ አምኜሽ..." አልጨረሰውም። ጓንቱን ወርውሮ ወጣ።

ፓውላ ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ሆቴሉ ወዲያው ለፖሊስ ደወለች። ስለ ኪራን ስጠይቃት፣ "ወንጀለኛ አይደለም፣ እየጎተቱት ያሉት ልጅ ነው። እኛም በዚህ በኩል እንጎትታለን" አለችኝ።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 21

አልመጣም። ደወልኩ። አያነሳም።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 22

አልመጣም። ደወልኩ። "የት ጠፋህ?" ብዬ መልእክት ተውኩ።

ሳጂድ ብቻውን ከአንድ ጥግ እየሠራ፣ "እብዱ ታሟል እንዴ?" አለኝ።

"ሻይህን የደፋብህን ልጅ ነው የምትጠይቀኝ?"

"ደፋ፣ እሺ። ግድግዳው ግን የሁለታችን ነው።" የኪራን ስልክ ቁጥር እንዳለው ነገረኝ።

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 23

ፓውላ ማልኮም የሚባል፣ እንዲህ ያሉ ልጆችን የሚያማክር ሰው ይዛ ኪራን ቤት ሄዳ ነበር። ማልኮም በወጣትነቱ ከእንደነዚያ ሰዎች ጋር ነበር፣ ክንዱ ላይ የነበረውን ንቅሳት አስፍቆታል። ኪራን በሩን ከፍቶላቸዋል። ከዚያ በላይ አልነገረችኝም። "የተባለው የልጁ ጉዳይ ነው።" ልክ ናት።

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 24

ሆቴሉ ዜና ላይ ወጣ። ፖሊስ ቀድሞ ከቦታል። ድንጋይ ተወርውሯል፣ እሳት የለም። ፊታቸውን የሸፈኑትን ሁሉ በትከሻቸው ልለይ ሞከርኩ። ባሌ "ቴሌቪዥኑ ውስጥ ልትገቢ ነው" አለኝ።

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 26

መጣ! ልቤ ዘለለች። ፊቴን አኮሳትሬ "አረፈድክ" አልኩት።

"ቅዳሜ ሚኒባሱ ደጄ ላይ ቆሞ ጡሩንባ ነፋ" አለኝ፣ መሬት መሬት እያየ። "መብራቱን አጥፍቼ ወለሉ ላይ ተኛሁ። ስልኬ ሲጮህ እነሱ መሰሉኝ... ሳጂድ ነው። ስለ ግድግዳ ይለፈልፋል።" ጓንት እያጠለቀ፣ "አሁንም ተቀይሜሻለሁ።"

"ተቀየመኝ። ጡቡን ግን ፋቅ።"

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 10

ቀላል አይደለም። ዛሬም አንድ ክፉ ነገር ሊናገር ጀመረና መሃል ላይ ራሱ አቆመው። ማልኮምን በየሳምንቱ ያገኘዋል። ጂሙን ትቻለሁ ይላል... ልመነው? ሳጂድ የሰጠውን ሻይ ግማሹን ጠጣ። ግማሹን።

ማሞቂያው ተሠራ።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 20

የኪራን ተራ። ትሪውን ይዞ መጣ። የሳጂድ ኩባያ የለም! ደሜ ፈላ። ሁሉም ፊት ጮህኩ፣ "የሳጂድስ? ተመለስክበት?"

ኪራን አፍጥጦ አየኝ። "ጾም ላይ ነው እኮ፣ ሎሬን! ረመዳን ገብቷል። ለጾመኛ ሻይ ላቅርብ?"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ። "ይቅርታ" አልኩት።

"ስላይዱን አንብቢ" አለኝ።

መውጫ ላይ አየኋቸው። ኪራን ከቦርሳው አሮጌ፣ አበባ የተሳለበት ፔርሙስ አወጣ። "ፀሐይ ስትጠልቅ አውቶቡስ ላይ ነህ አይደል? ያዝ።"

"ስኳሩስ?" አለ ሳጂድ።

"እንደምትወደው ነው። ሰኞ ፔርሙሱን መልስ፣ የአያቴ ነው።"

"ብቀርስ?"

"እደውላለኋ።"