የጋሽ ሁንዴሳ ጥጃና የሚሳኤል ድራም

ሚሳኤል፣
ሀና ማርያም ምስክሬ ናት፣ ይሄ ነገር ውሸት የለበትም። የአከራያችን የጋሽ ሁንዴሳ ጥጃ በሩን በግንባሩ ገፍቶ ገባና፣ ከስኔር ድራምህ ሥር የሚንሿሹትን ሽቦዎች የሚይዘውን ገመድ እንደ ሣር አኝኮ በጠሰው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሙዚቃ ባንዱ እንደሚፈትንህ ስለማውቅ በጫማዬ ማሰሪያ ቋጥሬዋለሁ።
በድራሙ ጎን ያለውን ማንሻ ወደ ላይ ግፋና ብሎኑን ቀስ እያልክ አዙር። ሽቦው ከተንሿሿ አጥብቀው፤ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ከታፈነ ትንሽ አላላው።

ይሄ ፈተና ከመጣ ወዲህ «ቴዎ፣ ዝም በል!» እንጂ ሌላ ቃል ከአፍህ አልወጣም።
ይሁን።

እኔ በነጠላ ጫማ ወጥቻለሁ።
በሩን ገፍቶ ገባ ያልኩት ብቻ ፈጠራ ነው። እኔ ነኝ ጎትቼ ያስገባሁት። ስትገባ አይተኸው እንድትስቅ ብዬ ነበር።

ቴዎ